እናት ማን ትሁን? ሌባው ማን ይሁን?

ልጆች እቃ እቃ ሊጫወቱ ሲሰበሰቡ ጠቡ ከጨዋታው ይቀድማል። «እናት እኔ ነኝ!» «ትናንትም አንቺ ነበርሽ!» ብዙ ጊዜ ትንሿ ልጅ ሕፃን እንድትሆን ይፈረድባታል፤ ተኝታ ከማልቀስ በቀር ሥራ የላትም። ሌባና ፖሊስ ሲሆን ደግሞ ጉልበተኛው ፖሊስ ይሆናል፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነው ልጅ ሁልጊዜ ሌባ ሆኖ ይሮጣል። እኛም በመስኮት ብቅ ብለን «ተስማሙ እንጂ!» እንልና ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

በዚሁ ጥያቄ ላይ አዋቂ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ለሃምሳ ዓመት ሲከራከሩ ኖረዋል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ውጭ አገር የልጅ ልጅ ያላችሁ ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል። ጨዋታው በመሠረቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ማታ እሳት ዳር ከሚነገር ተረት ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አድማጩ ራሱ ተረቱ ውስጥ መግባቱ ነው። አንድ ሰው ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሆናሉ። «ወንዙ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል ተራኪው። አንዱ «እዋኛለሁ» ካለ ዳይስ ይጣልና መሻገሩ ወይም በውሃው መወሰዱ ይታወቃል። (በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታውን ከሰይጣን ጋር ያያያዙ ወላጆች ነበሩ። ያለው ግን ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው።)

መጀመሪያ ሲወጣ ተጫዋቹ የሚመርጠው ከሦስት ሥራ ነበር፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው መጽሐፍ ምርጫው አሥራ ሁለት ደርሷል። ምርጫው ሲሰፋ ግን መልሰው የሚያጠብቡት ተራኪዎች አሉ። ምክንያት አላቸው። ስለ በረሃ ነጋዴዎች በሚተረክ ታሪክ ውስጥ አንዱ የባሕር ወንበዴ፣ ሌላው ከጨረቃ የመጣ ጠንቋይ ልሁን ካለ፣ አራት ተጫዋቾች አራት ታሪክ ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ አብረው አይጫወቱም።

ሌላ ዓይነት ገደብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ሴት ገጸ ባሕርይ ልትደርስበት የምትችለውን የጉልበት ጣሪያ ከወንዱ ዝቅ አድርጎ ወስኖ ነበር። ዳይሱ ቢወጣላትም ከዚያ አታልፍም። ይህ ደንብ በ1989 በወጣው እትም ቀርቷል።

ሁለቱ ገደቦች ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ታሪኩን ያጥራል፤ አጥሩ ውስጥ ማንም የፈለገውን ይይዛል። ሁለተኛው የሚያጥረው ተጫዋቹን ነው። የቤታችን እቃ እቃ የሚበላሸውም በዚህኛው ነው፤ «አንተ ወንድ ነህ፣ ወጥ አትሠራም»፣ «አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ሕፃን ሁኚ»። ልጆቹ ይህን ቃል ከየትም አላመጡትም፤ ከጓዳችን ሰምተውት ነው።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ብዙ ዝግጅት አያሻም። ጥርባ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ታሪክ ከሩቅ መበደር የለበትም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰቡበታል። እንግዲህ ታሪኩ ይህ ይሁን፦ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የአያት ፈረስ ጠፍቷል፤ ልጆቹ ፈልገው እንጅባራ ማድረስ አለባቸው። ተራኪው አያት ይሁኑ። ዘንገና ሐይቅ ላይ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚመስል ከእሳቸው በላይ ማን ይናገራል? ዳይሱ ከሉዶው ይወሰዳል።

ምርጫው አራት ይሁን፤ ፈረሰኛ፣ እረኛ፣ ነጋዴና መድኃኒት አዋቂ። ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩት፣ መሐል ላይ አትቀይሩት። አራቱም የሚፈለጉበት ቦታ ታሪኩ ውስጥ ይኑር። ነጋዴው ዳንግላ ገበያ ወርዶ ፈረሱን ማን እንዳየ ካልጠየቀ፣ እረኛው የኮቴውን ዱካ ካልለየ፣ መድኃኒት አዋቂዋ ያነከሰውን እግር ካላሰረች ፈረሰኛው ብቻውን የት ይደርሳል? ሥራ አጥቶ ዳር የተቀመጠ ልጅ ካለ ጥፋቱ የተራኪው ነው።

አንዱ ግን «እኔ ስፓይደርማን ነኝ» ማለቱ አይቀርም። አይሆንም ከማለታችሁ በፊት ስፓይደርማን ሆኖ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቁት። የሚወደው ግድግዳ መውጣቱን ከሆነ፣ ዛፍ ላይ እንደ ጦጣ የሚወጣ እረኛ ይሁን። ገደቡም አልፈረሰም፣ ልጁም አልተከፋም። ሁለት ልጆች ፈረሰኛ ካሉስ? ሁለቱም ይሁኑ፤ አገው ምድር ለሁለት ፈረሰኛ አይጠብም። ፈረሰኛ ልሁን ያለችው ሴት ልጅ ሆና አያት ቢያንገራግሩ፣ ቶሎ ብላችሁ ዳይሱን ለእሷ ስጧት።

ትንሿን ልጅ መጀመሪያ ጠይቋት፤ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ። አራት ስም በአንድ ጊዜ ሲጠራላት የመጨረሻውን ደግማ ዝም ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሥራው ይዘዋወር፤ ባለፈው ኮቴ ሲከተል የዋለው ፈረስ ይጫን።

ማንም ያልመረጠው ሥራ ከተረፈ አባት ይውሰደው። ነጋዴ ሆኖ ዳንግላ ገበያ ላይ በድንች ዋጋ ሲከራከር ልጆቹ ይሳቁበት።