ጎጆ ቢፈርስም ዕዳ አይፈርስም

ባልና ሚስት በፍቅር ሳሉ የፈረሙት የብድር ውል፣ ሲለያዩ አብሮ አይቀደድም። አንዱ «ዕዳው የእርስዋ ነው»፣ ሌላይቱም «የእርሱ ነው» ሲባባሉ ወለዱ እየተከመረ፣ በመያዣ የተሰጠው ቤት በሐራጅ ሲሸጥና ልጆች መጠጊያ ሲያጡ እናያለን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ለትዳር ጥቅም የመጣ ዕዳ ሁለቱ በአንድነትና በነጠላ የሚጠየቁበት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አበዳሪው ሙሉውን ከአንዳቸው ሊጠይቅ ይችላል። እንዲሁም የጋራ ሀብት ከመከፋፈሉ አስቀድሞ የጋራው ዕዳ ሊከፈል ይገባዋል። አንዳቸው ዕዳውን ለብቻ ለመሸከም ቢስማሙም፣ ባንኩ ካልተቀበለው ሌላው ነጻ አይወጣም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ እርቅ ባይሳካ እንኳ፣ በንስሐ አባታችሁና በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጣችሁ የዕዳውን ልክና የከፋዩን ድርሻ በጽሑፍ እንድታስሰፍሩ፣ ባንኩንም ፈጥናችሁ እንድታነጋግሩ እንመክራለን። ለልጆች የሚተርፈው የወላጆች ሰላም ነውና።