የቤት ውኃ ማጣሪያና የዓሣ ገንዳ፦ የጠራ ውኃ ሁሉ ለዓሣ ይስማማልን?

አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ለመጠጥ ያጠራልንን ውኃ እንዳለ ወደ ገንዳው ብናፈስ ምን ይደርሳል? ለሰው የሚሆን ውኃ ለዓሣ አያንስም የሚል ግምት ብዙ ዓሣዎችን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት በቅድሚያ የማጣሪያውን አሠራር እንመልከት።

ኦስሞሲስና ግልባጩ

ውኃን እያሳለፈ የሟሙ ጨዎችን የሚያግድ ስስ ሽፋን ሁለት ፈሳሾችን ሲለያይ፣ ውኃው ጨው ካነሰበት ወገን ጨው ወደበዛበት ወገን ያልፋል። ይህ ሂደት ኦስሞሲስ ይባላል። ጨው በበዛበት ወገን በቂ ግፊት ብናሳርፍ ግን ጉዞው ይገለበጣል፤ ውኃው ጨዉን ወደኋላ ትቶ ይወጣል። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ተግባር የሚበቃ ሽፋን ከሴሉሎስ አሲቴት ሠሩ። በ1965 ደግሞ ዘዴው በካሊፎርኒያዋ ኮአሊንጋ ከተማ ለሕዝብ አገልግሎት ዋለ።

በቤት ማጣሪያ ውስጥ ውኃው በመጀመሪያ ደለል በሚያስቀር ማጣሪያና በከሰል ያልፋል። ከሰሉ ክሎሪንን ያስወግዳል፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ የሚጎዳ ከመሆኑም በላይ ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን የፖሊአማይድ ሽፋን ያበላሻል። ከዚያም ሽፋኑ ከሟሙት ጨዎች ከ90 በመቶ የሚበልጡትን ያስቀራል።

በዓሣው ሰውነት ውስጥ

ኦስሞሲስ በዓሣው ስንጥብም ይካሄዳል። በወንዝና በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከአካባቢው ውኃ ይልቅ ጨው ስለሚበዛበት፣ ውኃ ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ጨውም ወደ ውጭ ይሾልካል። ዓሣው ትርፉን ውኃ በብዙ ሽንት ያስወግዳል፤ የጎደለውን ጨው ደግሞ ከምግቡ ከሚያገኘው ሌላ በስንጥቡ ከውኃው እየሳበ ይተካል። ውኃው ከጨው ከተራቆተ ግን የሚስበው ያጣል።

ሁለተኛም ችግር አለ። ማጣሪያው ባይካርቦኔትንም ይወስዳል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል፤ ይህን አሲድ የሚያረክሰው ባይካርቦኔት ከሌለ የገንዳው አሲድነት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል።

እንዴት እንጠቀምበት?

መፍትሔው መቀላቀል ነው። የቧንቧው ውኃ በሊትር 300 ሚሊግራም፣ የተጣራው ደግሞ 15 ሚሊግራም የሟሙ ጨዎች አሉት እንበል። አንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ከሁለት እጅ የተጣራ ውኃ ጋር ብናዋሕድ በሊትር 110 ሚሊግራም እናገኛለን። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን አስቀድሞ መወገድ አለበት። በማጣሪያው መጨረሻ ማዕድን የሚመልስ ክፍል ካለ፣ ስሌቱ ስለሚለወጥ ውኃውን መለካት ያስፈልጋል።

ልኩን የሚወስነው የዓሣው የትውልድ ሥፍራ ነው። ከአማዞን ተፋሰስ የመጣው ኒዮን ቴትራ ማዕድን ያነሰበትን ውኃ ይወዳል። የታንጋኒካና የማላዊ ሐይቆች ሲክሊዶች ግን ማዕድን የበዛበትን ውኃ ስለሚሹ፣ የተጣራ ውኃ ማዕድን ካልተመለሰበት አይስማማቸውም። ለውጡም ቀስ በቀስ ሊሆን ይገባል። ከማጣሪያው በትርፍነት የሚፈሰው ውኃ ጨው የተጠራቀመበት በመሆኑ ወለል ለማጠብ ይውላል እንጂ ወደ ገንዳው አይገባም።

«ሲበዛ ማር ይመራል» እንዲሉ፣ ንጽሕናም ለዓሣ ልክ አለው። ስለዚህ ውኃውን ወደ ገንዳው ከማፍሰሳችን በፊት መለካትን ልማድ እናድርግ።