የፀሐይ መውጫና የአምልኮ ሕንፃ አቅጣጫ፤ ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት የሚሰጡት ጥቅም

«ምሥራቅ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያላስተማረ የአንደኛ ደረጃ መምህር አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመከታተል በአንድ የታኅሣሥ ወር ወደ ቂሊንጦ በሄደበት ጊዜ፣ አንዲት ተማሪ ፀሐይን ከየረር ተራራ ራስ ላይ ሳይሆን ከተራራው በስተ ቀኝ ራቅ አድርጋ ሥላ ተመለከተ። የረር ከቂሊንጦ በስተ ምሥራቅ ስለሚታይ መምህሩ የስሕተት ምልክት አድርጎባት ነበር። አቅራቢውም እርማቱን አይቶ ሳይናገር አለፈ። ልጅቷ ግን የሣለችው በየማለዳው ያየችውን ነው። ትክክል የነበረችው እርስዋ መሆንዋን፣ የጥንት ሰዎችም ይህንኑ እውነት ያውቁ እንደነበር ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የፀሐይ መውጫ ለውጥ

የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ የፀሐይ መውጫ ከቀን ወደ ቀን ይሸጋሸጋል። ፀሐይ በትክክለኛው ምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም መስከረም 12 ወይም 13 እና መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 12 ገደማ ከደቡብ ወሰንዋ፣ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ ከሰሜን ወሰንዋ ትደርሳለች። በቂሊንጦ ይህ ወሰን ከምሥራቅ ግራና ቀኝ 24 ዲግሪ ያህል ይርቃል።

የግብፃውያን ልምድ

በጊዛ የሚገኘው የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ጎኖች ከአራቱ ማዕዘናት አቅጣጫ የሚዛነፉት ከአንድ ዲግሪ ዐሥረኛ ባነሰ መጠን ነው። በካርናክ ያለው የአሙን ራ ቤተ መቅደስ ግን የተዘረጋው ፀሐይ በታኅሣሥ ወሰንዋ ወደምትወጣበት አቅጣጫ ነው። እንግዲህ አንዱ ሕንፃ የማይለወጠውን አቅጣጫ፣ ሌላው የሚለወጠውን መውጫ ይዞ ተሠርቷል ማለት ነው። ግብፃውያን ሲርየስ የተባለው ብሩህ ኮከብ ከንጋት በፊት ዳግም ሲታይ የዓባይ ሙላት መቃረቡን ያውቁ ነበር፤ ያ ሙላት የእኛው ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። 12ቱ ባለ 30 ቀን ወሮቻችንና ጳጉሜን የመጡትም ከዚያው የቀን አቈጣጠር ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የሚጸልይ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያቀናል፤ ሕንፃውም በዚሁ መሠረት ይተለማል። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ያነጹ ጠበብት ደግሞ አቅጣጫውን አስቀድመው መወሰን ነበረባቸው፤ ዐለት ከተፈለፈለ በኋላ አይታረምምና። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በዓመት ውስጥ በስድስት የምሥራቅ በሮች እየተፈራረቀች እንደምትወጣ ይገልጻል። ይህ የልጅቷን ሥዕል የሚደግፍ አገራዊ ምስክር ነው።

በትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችል

በተስተካከለ መሬት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ይተከል፤ እርሱን ማዕከል በማድረግ በገመድ ክብ ይነደፍ። የጥላው ጫፍ ጧትና ከሰዓት በኋላ ክቡን የሚነካባቸውን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅንና ምዕራብን ያሳያል። ተማሪዎች በየወሩ መጀመሪያ የፀሐይን መውጫ ከተራራ ወይም ከዛፍ አንጻር ይመዝግቡ፤ ፀሐይን ግን ትኩር ብለው እንዳይመለከቱ መምህሩ ያስጠንቅቅ። በቂሊንጦ የቀትር ጥላ አብዛኛውን ዓመት ወደ ሰሜን፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ግን ወደ ደቡብ እንደሚወድቅም ያረጋግጣሉ። ከዚያም በአስተዳዳሪዎች ፈቃድ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አቅጣጫ ቢለኩ፣ የመጀመሪያው ወደ ምሥራቅ ሲያመለክት የመስጊዱ ቂብላ፣ መካ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በመሆኗ፣ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ልኬቱ በጥቂት ዲግሪ ቢዛነፍ ምክንያቱን መመርመር እንጂ ምሥጢር መፍጠር አይገባም።

ይህ ሁሉ ከእንጨትና ከገመድ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች በመምህሩ መምሪያ ውስጥ «ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ትወጣለች፤ የመውጫዋ ቦታ ግን በየወሩ ይለያያል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ፣ ያየችውን በትክክል የሣለች ተማሪ በስሕተት ምልክት አትቀጣም።