ጠዋት ብቻ የሚታይ ብልሽት

ክረምት በላስታ ተራሮች ላይ ጉም ይዞ ነው የሚያድረው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋሸና ደግሞ ከእሷም ከፍ ብላ ደጋው ላይ ተቀምጣለች። ደጅ ያደረ መኪና ንጋት ላይ ረጥቦ ይገኛል። አሮጌ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው በዚህ ሰዓት የሚገጥመውን ያውቀዋል። ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ቢነሳም አንድ እግሩን እንደተመታ በሬ በሦስቱ እያነከሰ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን ምንም እንዳልነበረበት ይሄዳል፤ መካኒክ ፊት ሲቀርብማ ጭራሽ ጤነኛ ነው። መካኒኩም ያላየውን በሽታ በግምት ለማከም ይገደዳል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡራተር ይታጠባል፣ ባትሪው ይታማል፤ በሚቀጥለው ርጥብ ጠዋት ችግሩ እንደገና ይመጣል። የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ሮተር መለወጥ የባለቤቱ ሥራ ሊሆን ይገባል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ብልሽቱን በሚከሰትበት ሰዓት የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ ሥራው ደግሞ ካቻቢቴ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚወጣው ነው።

በቅድሚያ መኪናው ይህ ዕቃ ያለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የናፍጣ ላንድክሩዘርና የናፍጣ ሚኒባስ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ታምቆ በሚግል አየር ስለሆነ ብልጭታ አይሹም። ባጃጅ ሲሊንደሩ አንድ በመሆኑ የሚያከፋፍለው ነገር የለም። ቪትዝን የመሳሰሉት ደግሞ ለየካንዴላው የራሱ ኮይል አላቸው። የሚቀረው ቀደም ያለው ትውልድ ነው፤ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ፔጆ 504፣ አሮጌዋ ቮልስዋገን። ኮፈኑ ሲከፈት ወፍራም ገመዶች የተሰኩበት፣ የተደፋ ስኒ የሚመስል የፕላስቲክ ክዳን ከታየ እሱ ነው።

ዲስትሪቢዩተር ማለት አከፋፋይ ማለት ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ አሳድጎ ወደ ክዳኑ መሐል ይልከዋል። በክዳኑ ሥር የሚሽከረከረው ሮተር ተቀብሎ ዙሪያውን ላሉት አራት የብረት ጫፎች በየተራ ያድላል፤ ከእነሱም በገመድ ወደ ካንዴላዎቹ ይሄዳል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ያቋቋመው ዴልኮ ለካዲላክ ካቀረበው አሠራር ወዲህ፣ አብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የቤንዚን መኪና የኖረው በዚህ ዘዴ ነው። ዋናው ነገር ሮተሩ ጫፎቹን አለመንካቱ ነው። በመካከላቸው ያለችውን ጠባብ ክፍተት ኤሌክትሪኩ እየዘለለ ያልፋታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በሰከንድ 100 ብልጭታ ይፈልጋል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚደረገው ጉዞ በዚህ አዟዟር አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከ1,400,000 ጊዜ በላይ ተዘሏል ማለት ነው። እያንዳንዱ ዝላይ ከብረቱ ጥቂት ይበላል። የተበላው ጫፍ ክፍተቱን ያሰፋዋል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ በፕላስቲኩ ላይ ጭረት፣ ጤዛ ወይም አቧራ ካገኘ በዚያ ያመልጣል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በከፍታው ያሳብባል። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ያነሰ ነው። ቱርቦ ሞተር ላላቸው ከፍ ብለው ለሚበሩ አነስተኛ አውሮፕላኖች፣ የብልጭታ መሣሪያው ውስጥ የታመቀ አየር የሚሞላበት አሠራር የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ተራ መኪና ላይ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባውም አየር እኩል ስለሚሳሳ፣ ካንዴላው የሚጠይቀው ቮልት አብሮ ይቀንሳል፤ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ከፍታው ብቻውን ተጠያቂ ቢሆን ኖሮ መኪናው ቀትርም ላይ ባነከሰ ነበር። ጠዋት ብቻ ማነከሱ የሚመሰክረው በእርጥበት ላይ፣ እርጥበቱን በሚያስገባው ስንጥቅ ላይ ነው። ለዓይን ማረጋገጫም አለ። ጨለማ ሳለ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅን አርቆ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሳ ማድረግ ነው። በክዳኑ ወይም በገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሳብ ከታየ ሌላ ምርመራ አያሻም።

«ታዲያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ አይመለስም?» የሚል ይኖራል። መጥረጉ ለዕለቱ ጉዞ ይበቃል፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ያንኑ ያድርግ። ማሸቱ ግን ይጎዳል፤ አስቀድሞ የተበላውን ብረት ይበልጥ ያሳንሰዋልና። ከሁሉ የከፋው ክዳኑ ውስጥ እንደ እርሳስ ጭረት ሆኖ የሚታየው ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ኤሌክትሪኩ ያለፈበት ፕላስቲክ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል፤ ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ይህ እድፍ ቢሆን ይጠረግ ነበር፤ የክዳኑ አካል ሆኗልና መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው። ሁለቱም አብረው ይለወጡ፤ አዲስ ክዳን ከተበላ ሮተር ጋር ሲገጠም ክፍተቱ እንደሰፋ ይቀራል።

ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተል እንጂ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይግባ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ገመዶቹ እንደተሰኩ ሳሉ በስልክ ፎቶ ይነሱ። ክዳኑ በሁለት ብሎን ወይም በሁለት ክሊፕ ነው የሚያዘው፤ ሲለቅ ገመዶቹ ሳይነቀሉ ወደ ጎን ይደረግ። ሮተሩ ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል፤ አንዳንዱ ብሎን አለው። አዲሱ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ እንቢ ካለ ዞር አድርጎ መሞከር እንጂ መደብደብ አይገባም። ከዚያ አዲሱን ክዳን ከአሮጌው ጎን በተመሳሳይ አቅጣጫ ይዞ፣ አንድ ገመድ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ በዚያው ቦታ መሰካት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲነቅል ነው። የብልጭታው ተራ በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎችና ላዳዎች 1-3-4-2፣ በአሮጌዋ ቮልስዋገን 1-4-3-2 ነው፤ ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ይተኩሳል ወይም አይነሳም። ዲስትሪቢዩተሩን ራሱን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ብሎን በፍጹም አይነካም፤ እሱ ከላላ የብልጭታው ሰዓት ይዛባል፤ ያኔ በእርግጥ መካኒክ ያስፈልጋል።

20,000 ቮልት ያስፈራል፤ መፍራትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁልፉ ተዘግቶ ባትሪው ከተፈታ ያ ቮልት የለም። የመካኒኩስ እንጀራ? የሚል ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሆኖም ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ ከመካኒክ እጅ አይወጡም፤ በግምት የተቀየረ ካንዴላ ደግሞ ከሚያስገኝለት ገንዘብ ይልቅ የሚያጠፋበት ስም ይበልጣል። ሌላው ጥያቄ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ተሰምቷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ዲስትሪቢዩተር የለውም። ግን ውሳኔው የሚመለከተው የሚገቡትን እንጂ ያሉትን አይደለም። የገበያውም የጋራዡም ዓይን ወደ አዲሱ ሲዞር፣ የአሮጌው መኪና ባለቤት በራሱ እጅ ላይ ይበልጥ ይደገፋል።

መለዋወጫውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ ከውጭ የሚመሳሰሉ ክዳኖች በውስጥ ይለያያሉና። ጫፎቹ ከአሉሚኒየም ይልቅ ናስ ቢሆኑ ይመረጣል፤ በክዳኑ መሐል በሞላ የምትገፋው ትንሿ ከሰል መኖሯና በጣት ስትጫን መመለሷም ይታይ። ለውጡ ከሰኔ በፊት ቢያልቅ መልካም ነው። ከመኪናው የወጣው አሮጌ ክዳን ስንጥቅም ጥቁር መስመርም ከሌለው አይጣል፤ ከሮተሩ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ይቀመጥ።