ዳገት ላይ ልባችን ለምን ይደልቃል?

በየካና በፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትኖሩ፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የእንጦጦን ዳገት ስትያያዙት ልባችሁ ይደልቃል፣ ትንፋሻችሁም ይፈጥናል። ሆኖም ልባችሁን «ፍጠን» ብላችሁ አላዘዛችሁትም። ታዲያ ማን አዘዘው?

ልብ ምቱን የሚያስጀምረው ራሱ ነው። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍሉ ያሉ ጥቂት ህዋሳት የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫሉ። ፍጥነቱን ግን ከአንጎል የሚመጡ ሁለት ዓይነት ነርቮች ይቆጣጠሩታል፤ አንደኛው እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ያፈጥነዋል፣ ሌላው እንደ ፍሬን ያበርደዋል። ያረፈ ጤነኛ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። እንጦጦ ላይ የሚለማመዱ የረጅም ርቀት ሯጮች ልብ ግን በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ በእረፍት ሰዓት ከ60 በታች ሊመታ ይችላል።

ትንፋሽን የሚመራው ደግሞ የአንጎል ግርጌ ነው። ከሚሠሩ ጡንቻዎች መልእክት ይቀበላል፤ በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም ይከታተላል። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ስትቆዩ በዋናነት የሚያስጨንቃችሁ የዚህ ጋዝ መከማቸት ነው። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በአንገት የደም ስሮች አጠገብ ያሉ ጠቋሚዎች ይህን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ እኛም ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን።

ስለዚህ ዳገት ላይ ማለክለክ በሽታ አይደለም። ቆም ስትሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊበርድላችሁ ይገባል። ነገር ግን ቁጭ ብላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሌሊት በጀርባ መተኛት ካቃታችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ «ከፍታው ነው»፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ደም ማነስ፣ አስም፣ የደም ግፊት ያስከተለው የልብ ድካም ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመምም አለ፤ መነሻው በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ሳያቋርጥ ይጨርስ።

የልባችሁን ምት ለማወቅ አረፍ ብላችሁ ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣት በታች ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፉ፤ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በእረፍት ሰዓት ዘወትር ከ100 በላይ ከሆነ ወይም ከተዛባ ሐኪም ይየው። በየቤቱ «ደክሞኝ ነው» እያሉ ዝም የሚሉ እናቶችንም ጠይቁልን።