ማንጎው እየደረቀ፣ እኛ «ነጩን» እንረጫለን

ወገን፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ እለፉኝ። አርባ ምንጭ አካባቢ ካለ የማንጎ ማሳ አሁን መመለሴ ነው። ቅርንጫፎቹ ከጫፋቸው ጀምረው ወደ ታች ይደርቃሉ፤ ቡናማው ቅጠል አይረግፍም፣ እዚያው ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ከቅርፊቱ ስንጥቅ ሙጫ ይወርዳል። የማሳው ባለቤት፣ አንድ አባት፣ ባዶ የማላታይን ጠርሙስ ደርድረው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ነጩ ተባይ ነው ብለው ሸጡልኝ። ብረጭ ብረጭ ባሰበት» አሉኝ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል፦

1. ይሄ ነጩ ተባይ አይደለም። ነጩ ቅጠሉ ላይ በዓይን ይታያል፣ ፍሬው ላይም ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል። ይሄኛው እንጨቱ ውስጥ ነው ያለው። ደረቁና እርጥቡ በሚገናኙበት ቦታ ቅርፊቱን ላጥ አድርጉ፤ ከሥሩ የጠቆረ መስመር ካያችሁ ፈንገስ ጠርጥሩ። ምልክቱ ላሲዮዲፕሎዲያ የሚባለውን ፈንገስ ይመስላል።

2. ማላታይን ፀረ ነፍሳት ነው። ፈንገስ አይነካም! ለወባ በሽተኛ የኮሶ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ልቁም፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ነጩ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ከታየ ወዲህ ማንጎ ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ «ነጩ» ሆኗል። ቅጠል ጠቆረ፣ ነጩ ነው። አበባ ረገፈ፣ ነጩ። ባለሱቁ ማሳውን አላየ፣ ቅጠል አምጡ አላለ፤ ከመደርደሪያው አንስቶ ይሸጣል። ገበሬው ገንዘቡን ያጣል። መርዙ ደግሞ ንቡንም፣ ነጩን ራሱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳትም ይፈጃል። ስለዚህ ያልነበረውን ነጩን ገንዘብ ከፍላችሁ ትጋብዛላችሁ ማለት ነው።

የእኛስ የግብርና ባለሙያዎቹ ቤት? የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ ማንጎ ሥር ያለው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፦ «ተባይ»። ፈንገሱን የት ልጻፈው? ናሙና ብልክ መልሱ ሳይመጣ ወቅቱ ያልፋል። ለስብሰባ ግን መኪና አይጠፋም።

3. ቁረጡ። ከደረቀው ጫፍ ሳይሆን፣ ከታመመው በታች ጤነኛው እንጨት ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገብታችሁ። በገጀራ አትጨፍጭፉ፤ የተቀደደ ቁስል ለዚህ ፈንገስ በር ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱ መጋዙን በበረኪና ጥረጉ። የተቆረጠው ዛፉ ሥር አይከመር፤ ይቃጠል። ፈንገሱ በደረቁ እንጨት ላይ ዘሩን አዘጋጅቶ ዝናብ ነው የሚጠብቀው።

4. ቁስሉን የቦርዶ ቅባት ቀቡት፦ 1 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት፣ 1 ኪሎ ኖራ፣ 10 ሊትር ውኃ። በፕላስቲክ ባልዲ፤ ብረት ይበላል።

ውኃስ? አዎ፣ የውኃ እጥረትም አለበት። በድርቅ የተጎዳ ዛፍ ቶሎ ይጠቃል፤ ነጩ ያደከመውም እንዲሁ። ፍሬ ከለቀማችሁ በኋላ ከቅርንጫፉ ጋር ተያይዞ በነበረበት በኩል ጠቁሮ የሚበሰብሰውም ብዙ ጊዜ የዚሁ ፈንገስ ሥራ ነው፤ እሱንም «መጓጓዣው ነው» ይሉታል።

«አንድ ቅርንጫፍ ቢደርቅ ምን አለበት?» ለምትሉ፦ ኦማን፣ ባርካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ማንጎ ሙጫ እያነባ በድንገት መድረቅ ጀመረ። ከታመሙት ዛፎች ላሲዮዲፕሎዲያም፣ ሴራቶሲስቲስ የሚባል ሌላ ፈንገስም ተገኘ። ይሄኛው በቅርፊት ፈልፋይ ጥንዚዛ እየታገዘ ዛፉን እስከነሥሩ ይገድላል። ሁለቱን ከውጭ በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው። እኛ ገና «ተባይ» ከሚል ዓምድ አልወጣንም።

የሚመለከታችሁ፦ ቅጹን አስተካክሉ፣ ናሙናውን በወቅቱ መልሱ። ገበሬዎች፦ ቅርፊት ሳትልጡ መድኃኒት አትግዙ። ሌሎቻችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ ባለሱቅ ዘመድ ያላችሁ።