ሞጆ ደረቅ ወደብ

ሞጆ ደረቅ ወደብ በኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በሞጆ ከተማ የሚገኝ የየብስ ወደብ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአገሪቱ ደረቅ ወደቦች ትልቁ ሲሆን፣ በባሕር የመጡ ኮንቴይነሮች የሚራገፉበት፣ የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምባቸውና ለአስመጪዎች የሚተላለፉበት ቦታ ነው።

ታሪክ

ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ የባሕር በር የላትም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በአሰብ ወደብ መጠቀም ቀረ፤ የአገሪቱ ንግድም በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዕቃ በጅቡቲ በቆየ ቁጥር የማቆያ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል፣ ኮንቴይነሮችን ቶሎ አንሥቶ ወደ አገር ውስጥ ማስገባት አስፈለገ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ለዚህ ዓላማ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የደረቅ ወደብ፣ የመርከብ እና የትራንዚት ድርጅቶች ተዋሕደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሲመሠረት ወደቡም በእርሱ ሥር ሆነ።

አሠራር

ዕቃ በሁለት መንገድ ይገባል። በዩኒሞዳል አሠራር አስመጪው ዕቃውን ጅቡቲ ላይ በትራንዚተር በኩል ተረክቦ መኪና ራሱ ያዘጋጃል። በመልቲሞዳል አሠራር ግን አንድ አጓጓዥ ዕቃው ከተጫነበት የውጭ ወደብ እስከ ሞጆ ድረስ በአንድ የጭነት ሰነድ ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ አስመጪው ዕቃውን የሚረከበው ሞጆ ላይ ነው።

በአቅርቦት ሰንሰለት ጥናት

ስለ ደረቅ ወደብ ከተጻፉት የዶክትሬት ጥናቶች በሰፊው የሚታወቀው ቪዮሌታ ሮሶ በስዊድን ቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበችው ነው። በጥናቱ መሠረት ደረቅ ወደብ ማለት ከባሕር ወደብ ጋር ብዙ ጭነት በሚያነሣ ማጓጓዣ፣ በተለይም በባቡር፣ በቀጥታ የተገናኘ ተርሚናል ነው። ደንበኛው ኮንቴይነሩን ባሕር ወደብ ላይ እንዳለ ሆኖ ያስረክባል ወይም ይረከባል። ደረቅ ወደቦችም ከባሕር ወደቡ ባላቸው ርቀት ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ ተብለው ይከፈላሉ።

ሞጆ በባቡር መስመር ከጅቡቲ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከሩቆቹ ይመደባል። የሩቅ ደረቅ ወደብ ዋና ጥቅም፣ መንገዱ ሲረዝምና ጭነቱ ሲበዛ ባቡር ከመኪና ርካሽ መሆኑ ነው። ሞጆ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙሉ በሙሉ በጭነት መኪና ላይ ተመሥርቶ ይሠራ ስለነበር፣ የጉምሩክ ሥራውን ቢያሟላም በዚህ ትርጉም የባቡሩ ክፍል ይጎድለው ነበር።

የትራንስፖርት ትስስር

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የንግድ አገልግሎት ጀመረ። መስመሩ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ሲሆን፣ ከአዳማ በኋላ ነጠላ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዳቸው ባቡሮች ቁጥር ይወሰናል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ በሞጆ በኩል ያልፋል፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድም ከሞጆ ይነሣል።

የገቢው ዕቃ ከወጪው ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴይነሮች ወደ ጅቡቲ ባዶ ይመለሳሉ። ስለዚህ የማጓጓዣው ወጪ በአብዛኛው በገቢው ዕቃ ላይ ይወድቃል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጸደቀው የ150 ሚሊዮን ዶላር የንግድ ሎጂስቲክስ ፕሮጀክት የሞጆ ደረቅ ወደብ ማሻሻያ ተካትቷል።